ከጅቡቲ ሐዲድ እስከ ዱዎሞን ምሽግ

ለንደን ከተማ፣ ፓዲንግተን በሚባለው የባቡር ጣቢያ፣ አንደኛው መሳፈሪያ ዳር አንድ የነሐስ ወታደር ቆሟል። ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል፣ አንገቱ ላይ ረጅም የሱፍ ሻርፕ ጠምጥሟል፣ አቀርቅሮ ከቤት የተላከለትን ደብዳቤ ያነባል። ቻርልስ ሳርጀንት ጃገር የቀረፀው ይህ ሐውልት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1922 ተመረቀ። የሚያስታውሰው የታላቁ ምዕራብ ባቡር ኩባንያ ሠራተኞች ሆነው ዘምተው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱትን 2524 ሰዎች ነው። የስማቸው ዝርዝር ኩባንያው ስዊንደን ከተማ በነበረው ወርክሾፕ በተሠራ ሣጥን ታሽጎ ከሐውልቱ መቀመጫ ውስጥ ተቀምጧል። ዮርክ ከተማ ያለው የሰሜን ምሥራቅ ባቡር ኩባንያ ሐውልት ደግሞ 2236 ስሞችን ይዟል። እንዲህ ያሉ መታሰቢያዎች በብዙ የእንግሊዝ ጣቢያዎች አሉ፤ መንገደኛው ሻንጣውን እየጎተተ በአጠገባቸው ያልፋል።

እኔን ከነሐሱ ይልቅ የሚያሳስበኝ የስም ዝርዝሩ ነው። ሐውልት የቀራፂ ሥራ ይመስለናል እንጂ ከቀራፂው በፊት ጸሐፊው አለ። የእንግሊዝ የባቡር ኩባንያዎች ሰው ሲቀጥሩ ስሙን፣ የሥራ መደቡንና የሚሠራበትን ጣቢያ መዝግበው ይይዙ ነበር። ሰውየው ሲዘምት መዝመቱ፣ ሲሞት መሞቱ እዚያው ላይ ሰፈረ። ጦርነቱ ሲያበቃ የቀረው ሥራ ከመዝገቡ ወደ ድንጋዩ መገልበጥ ብቻ ነበር። ባቡር ነጂው፣ ትኬት ቆራጩ፣ ሐዲድ ጠጋኙ በወታደር ማዕረጉ ብቻ ሳይሆን በሥራ ባልደረቦቹ መካከል የታሰበው የደመወዝ መዝገቡ ቀድሞ ሰው አድርጎ ስለቆጠረው ነው። ይህን ልብ ካላልን፣ የባቡር ሠራተኛ ወታደሮች መታሰቢያ በአንዱ አገር ሞልቶ በሌላው የጠፋበትን ምክንያት ውለታ በማወቅና ባለማወቅ ብቻ ወደ መተርጎም እንሄዳለን፤ እሱ ደግሞ ቀላል መልስ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን መስመር እንምጣ። ዶራሌ ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ፣ ባሕሩን ተደግፋ ያለች አካባቢ ናት። ባለፉት ሃያ ዓመታት ውስጥ የነዳጅ ማራገፊያ፣ ከዚያ በ2009 እ.ኤ.አ. የኮንቴይነር ተርሚናል፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለገብ ወደብ ተሠራባት። ከሁለገብ ወደቡ ጎን በዚያው ዓመት የቻይና ባሕር ኃይል የጦር ሰፈር ተከፈተ። ከአዲስ አበባ የሚነሳው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደውና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው አዲሱ የባቡር መስመር መንገደኛውን ናጋድ ላይ ያወርድና የጭነት ሐዲዱን እስከ ዶራሌ ይዘልቃል። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከመቶ ዘጠናው በላይ የሚተላለፈው በጅቡቲ ወደቦች ስለሆነ፣ አርሲ ላይ የሚዘራበት ማዳበሪያና መርካቶ የሚራገፈው ኮንቴይነር ይህን አካባቢ ሳይነካ አይመጣም። ክሬኑ፣ ፉርጎው፣ የጥበቃ ማማውና የጦር መርከቡ በአንድ እይታ ውስጥ ይገባሉ። የባቡር ሥራና የጦርነት ሥራ ጎን ለጎን የሚታይበት እንዲህ ያለ ሌላ ቦታ በአካባቢያችን የለም። በዚያው መስመር ላይ ቀድመው የሠሩ ሰዎች ወታደር ሆነው ባሕር ተሻግረው መሞታቸውን ግን ከሐዲዱ አጠገብ ሆኖ የሚነግር ነገር አይታይም።

የምከራከረው እንዲህ ነው፦ በጅቡቲ መስመር የጉልበት ሠራተኛውና ወታደሩ ከአንድ ሰፈር፣ ከአንድ የቅጥር ሰልፍ የወጡ ሰዎች ነበሩ። የለያያቸው የአመዘጋገቡ ሁኔታ ነው። በሐዲዱ ላይ የቀን ቁጥር ሆነው ተከፈላቸው፣ በጦር ሜዳው ላይ በጎሣ ስም ተጠሩ፣ ሁለቱ መዝገቦች አንድ ጊዜም ተገናኝተው አያውቁም። ዶራሌ ላይ መታሰቢያ የሚቆም ከሆነ ሁለቱን መዝገቦች የሚያገናኝ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ባይቆም ይሻላል።

የመስመሩን ታሪክ አንባቢ ያውቀዋልና ቶሎ ልለፈው። ዐፄ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሳ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሠረ በኋላ በአዲስ የፈረንሳይ ኩባንያ እጅ ቀጥሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ሳይነገር የሚታለፈው የሠራተኛው ነገር ነው። መሐንዲሶቹና የበላይ ኃላፊዎቹ አውሮፓውያን ነበሩ። ድንጋዩን የሰበሩት፣ አፈሩን የደለደሉት፣ ብረቱን በትከሻቸው ተሸክመው በበረሃው የዘረጉት ግን ሶማሌዎች፣ አፋሮች፣ ከባሕሩ ማዶ የመጡ የመናውያንና ከደጋው የወረዱ ኢትዮጵያውያን ናቸው። መስመሩ በኢሳና በአፋር ግጦሽ መካከል ሲያልፍ ግጭት አልተለየውም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሥራ ካምፖች ተጠቅተዋል፣ ሰው ሞቷል። ስለዚህ ከዶማውና ከአካፋው ጋር ጠመንጃ አብሮ ይጓዝ ነበር፤ ጥበቃ ከመስመሩ ሥራ አንዱ ክፍል ሆነ። በዚህ መስመር ላይ ሠራተኛና ታጣቂ የተገናኙት የአውሮፓ ጦርነት ከመምጣቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ነው።

ጅቡቲም ራሷ የዚህ ሥራ ልጅ ናት። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ወደብና ሐዲድ ባይኖሩ ኖሮ ውኃ በማይገኝበት በዚያ ጠረፍ ላይ ያን ያህል ሰው የሚሰበሰብበት ምክንያት አልነበረም። ዛሬ መርከብ የሚያራግፍ ሰው ነገ ፉርጎ ይጭናል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ወደ ዘመዶቹ ወደ በረሃው ይመለሳል፤ ሲሞቅ ተመልሶ ይመጣል። ቋሚ የሥራ መደብ ያለው ጥቂት ነበር። የቀን ሠራተኛ የሚቆጠረው በራሱ ማንነት ሳይሆን ዛሬ ስንት ሰው ወጣ በሚል ሒሳብ ነው። ፓዲንግተን ላይ ሐውልቱን የወለደው ዓይነት መዝገብ እዚህ ሊኖር አይችልም ነበር፤ የኖረውም መዝገብ ነጮቹን ሹማምንትና ጥቂት ቋሚ ቅጥረኞችን ያየ ነው።

ከዚህ በኋላ 1909 ዓ.ም. ይመጣል። ዓመቱ ለእኛ የሰገሌ ዓመት ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም ላይ ከሥልጣን ወረዱ፤ ሠራዊታቸው እዚያው የባቡር መስመር ላይ ባለችው ሚኤሶ ተመታ፤ ጥቅምት 17 ቀን ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 14፣ ማለትም ኦክቶበር 24 ቀን 1916 እ.ኤ.አ.፣ ከጅቡቲ የሄዱ ወታደሮች ቬርደን አጠገብ ያለውን የዱዎሞን ምሽግ ከጀርመኖች መልሰው ለመያዝ በተደረገው ውጊያ ላይ ነበሩ። በዚያው የኢትዮጵያ ዓመት ባቡሩ አዲስ አበባ ደረሰ። የሦስቱ ነገሮች መገጣጠም ጉዳዩን አያስረዳም፤ ግን የታሪክ መጻሕፍታችን ሰገሌንና የባቡሩን መድረስ ሲያነሱ ሦስተኛውን ለምን እንደማያነሱ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል። ዱዎሞን ላይ የወደቀው ሰው ከዚያው መስመር ጫፍ የተነሳ ነውና።

እነዚህ ወታደሮች የነበሩበት ሻለቃ የተመሠረተው በሜይ 1916 እ.ኤ.አ. ማዳጋስካር ላይ፣ ከጅቡቲ በተመለመሉ ሰዎች ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ ፈረንሳይ አገር ፍሬዡስ ሲደርስ አንደኛው የሶማሌ ተኳሾች ሻለቃ የሚል ስም ወጣለት። ስሙ ሶማሌ ይበል እንጂ ውስጡ እንደ ጅቡቲ ከተማ ድብልቅ ነበር፤ አፋሩም፣ የመናዊውም፣ ኢትዮጵያዊውም ነበረበት። ለክርክሬ ትልቁ ማስረጃ ግን ሻለቃው መጀመሪያ የተመደበበት ሥራ ነው። የፈረንሳይ ጦር ለውጊያ አላሰበውም፤ የደጀን ሻለቃ ነበር። የደጀን ሻለቃ ማለት ጭነት የሚያነሳ፣ መንገድ የሚጠግን፣ መጋዘን የሚጠብቅ፣ ከባቡር ጣቢያው እስከ ጦር ግንባሩ ያለውን ስንቅና ጥይት የሚያመላልስ ማለት ነው። ሰዎቹን ጅቡቲ ላይ ለለመዱት ሥራ ነበር የፈለጓቸው። በኋላ ግን ሁለት የሻምበል ጦር ከሞሮኮው የቅኝ እግረኛ ሬጅመንት ጋር ተሰልፎ ዱዎሞን ላይ ተዋጋ። ያ ሬጅመንት በዕለቱ ላደረገው ነገር ለሰንደቁ የተሰጠው ምስጋና ሁለቱን የሶማሌ ሻምበሎች በስም ይጠራል። በ1917 እ.ኤ.አ. ማልሜዞን ላይም ሻለቃው ነበር፤ በ1918ቱም የመጨረሻ ውጊያዎች ተካፍሏል። ከ2000 በላይ ሰው አልፎበታል፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሞቷል።

የሞቱት ስም አልጠፋም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፈረንሳይ መከላከያ ሚኒስቴር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአገሪቱ ሞቱ ላላቸው ሰዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ቅጽ ሞልቶ አስቀምጧል፤ ዛሬ ቅጾቹን ማንም ሰው በኢንተርኔት ከፍቶ ማየት ይችላል። ከላይ የቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ የግል ስም፣ ማዕረግ፣ የጦር ክፍል፣ የመለያ ቁጥር፣ ከዚያ የሞተበት ቀንና ቦታ፣ የአሟሟቱ ዓይነት፣ የተወለደበት ቦታ እያለ ይወርዳል። ቅጹ የተነደፈው ለፈረንሳይ ገበሬ ልጅ ነው፤ የቤተሰብ ስምና የግል ስም ብሎ ይከፍላል፤ የእኛ አካባቢ ሰው ግን የራሱንና የአባቱን ስም ይዞ ነው የሚሄደው። ጸሐፊው በጆሮው እንደሰማው በፈረንሳይኛ ፊደል አስፍሮታል። ይሁን፣ ስም አለ። ሥራ የሚል ቦታ ግን ቅጹ ላይ የለም። ከመዝመቱ በፊት ሰውየው ምን እየሠራ ይበላ እንደነበር አይጠየቅም። የፈረንሳዩ ሐዲድ ሠራተኛ ይህ አልጎዳውም፤ ቀጣሪው መዝግቦት ነበርና የባቡር ጣቢያው ግድግዳ ላይ ስሙ ወጣለት። ከጅቡቲ የሄደው ሰው ግን በሠራዊቱ መዝገብ ላይ ስም አለው፣ ሙያ የለውም፤ በሥራው መዝገብ ላይ ሒሳብ አለው፣ ስም የለውም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሳል፦ ታዲያ ሙያቸው ካልተጻፈ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ ለማለት ምን መብት አለህ? ብዙዎቹ ከብት አርቢዎች፣ ዓሣ አጥማጆች፣ ከየመን በጀልባ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ እያንዳንዱ ወታደር ሐዲድ ዘርግቷል የሚል ሰው ካለ እኔም እቃወመዋለሁ። ነገር ግን ጥያቄው የሚያስቀምጠው መመዘኛ በዚያ ከተማ ላይ አይሠራም። የባቡር ሠራተኛ ማለት ቋሚ መደብ ያለው ማለት ከሆነ፣ መስመሩን የሠራው ሰው ራሱ አብዛኛው የባቡር ሠራተኛ አልነበረም ማለት ነው፤ 784 ኪሎ ሜትሩን መሐንዲሶች ብቻቸውን ዘረጉት ልንል ነው። ወደብና ሐዲድ ዋነኛ የገንዘብ ሥራ በሆኑበት ከተማ የተመለመለ፣ ያውም መጀመሪያ ለጭነትና ለመንገድ ሥራ የተፈለገ ሻለቃ፣ ከዚያ የጉልበት ገበያ ውጭ ከየትም አልመጣም። በአንድ ሰው ስም ላይ በርግጠኝነት የማልናገረውን ስለ ሻለቃው በጠቅላላው መናገር እችላለሁ። ድንጋዩም በዚሁ ልክ መጻፍ አለበት፤ ለወደቁት ባቡር ሠራተኞች ብሎ ሳይሆን በዚህ ወደብና በዚህ ሐዲድ ላይ ሠርተው፣ ከዚህ ተመልምለው ለሞቱ ብሎ።

እንዲህ ያለ ድንጋይ ያለ አርአያ አይደለም። ናይሮቢ መሐል ከተማ፣ ዛሬ በኬንያታ ስም በሚጠራው ጎዳና ላይ፣ ከመጀመሪያው ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ያቆሙት የአስካሪ ሐውልት አለ። ሦስት የነሐስ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱ ጠመንጃ የያዙ ሲሆኑ ሦስተኛው ተሸካሚ ነው። በምሥራቅ አፍሪካው ዘመቻ ከተኳሹ ይልቅ ተሸካሚው በብዛት አልቋል፤ የገደለውም ጥይት ሳይሆን በሽታና ረሀብ ነበር። ሐውልቱ ተሸካሚውን ከወታደሩ እኩል ማቆሙ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። ጉድለቱ ስም የሌለው መሆኑ ነው፤ ሦስቱ ምስሎች የማንም አይደሉም፣ የሁሉም ናቸው። ለተሸካሚዎቹ ይበልጥ የቀረላቸው የናይሮቢ ካሪዮኮር ሰፈር ስም ሳይሆን አይቀርም፤ የተሸካሚዎች ጓድ ከሚለው የእንግሊዝኛ መጠሪያ የመጣ ነውና ገበያተኛው ሳያስበው በየቀኑ ይጠራቸዋል። ዶራሌ ላይ የሚቆመው ነገር ከናይሮቢ ሠራተኛንና ወታደርን አንድ ላይ ማቆምን፣ ከፓዲንግተን ደግሞ ስምን ቢወስድ የሁለቱን ጉድለት ያልፋል። ስሙ በፈረንሳይ መዝገብ ውስጥ ስላለ ይህ የሚቻል ነገር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚጎረብጥ ነው። ለቅኝ ገዢ የተዋጋን ሰው በገዛ አገሩ ሐውልት ማቆም ምን ይባላል? ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ጥያቄው በተለይ ይከብዳል። አድዋ ላይ ከጣሊያን ጎን የተሰለፈውን አስካሪ፣ በአምስቱ ዓመት የነበረውን ባንዳ የምናስብበት መንገድ ይታወቃል፤ ከባዕድ ሰንደቅ ሥር የቆመ ጠመንጃ በእኛ ዘንድ መታሰቢያ አይገባውም። እኔ ግን ሁለት ነገር መለየት ያለበት ይመስለኛል። አንደኛ፣ ዱዎሞን ላይ የነበረው ሰው በገዛ ወገኑ ላይ አልተኮሰም፤ በአስካሪው ላይ ያለን ቂም ዋና መነሻው ይህ ነውና ወደ እሱ ሊሻገር አይገባም። ሁለተኛ፣ የሚታሰበው ሰንደቁ ከሆነ ተቃዋሚው ልክ ነው፤ የሚታሰበው የቀን ደሞዙን ትቶ የወታደር ደሞዝ ያሻለው የወደብ ሠራተኛ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለሰንደቁ የሚሆነውን ፈረንሳይ ራሷ ሠርታለች፤ የዱዎሞን ምሽግ ላይ የሶማሌውን ሻለቃ የሚያስታውስ ጽሑፍ አለ። ያ ጽሑፍ የሚናገረው ከዕለተ ውጊያው ጀምሮ ነው፤ ሰውየው ከዚያ በፊት ትከሻው ላይ ምን እንደነበር አይናገርም። ይህን ፈረንሳይ እንድትጽፍልን መጠበቅ የዋህነት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረኝ ሦስተኛው ነገር ነው፤ መስመሩ ራሱ በአንድ ወገን ቆሞ አያውቅም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ የወጡት በዚህ ባቡር ነው፤ ጅቡቲ ደርሰው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ያው ሐዲድ የጣሊያኑን ማርሻል የባዶሊዮን ወታደሮች ወደ ድሬዳዋ አጓጓዘ፤ እዚያም ከግራዚያኒ ጦር ጋር ተገናኙ። ክረምቱ ሲገባ እንደ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም ያሉ አርበኞች ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ባቡሩን ማጥቃት ጀመሩ። አርበኛው ሐዲዱን ሲነቅል ጀግና ነው፤ የተነቀለውን ሐዲድ በማግሥቱ የሚጠግነው ሠራተኛስ? እሱም ልጆች አሉት፣ እሱም ኢትዮጵያዊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ጅቡቲ ለቪሺ መንግሥት አድራ በእንግሊዞች እገዳ ተራበች፤ በ1942 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ወደ ነፃ ፈረንሳይ ዞረች፤ ከዚያ የተነሳ ሌላ የሶማሌ ሻለቃ በ1945 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ምዕራብ ጠረፍ ላይ ፑዋንት ደ ግራቭ ተዋጋ። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ በኦጋዴኑ ጦርነት የምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ተዋጊዎች በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል ያሉ ድልድዮችን አፈረሱ፤ ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ራሷ ተጠቃች፣ አልተያዘችም። መስመሩ አንድ ዓመት ያህል ተዘግቶ ቆየ። ድልድዩን ያፈነዳው ተዋጊና አያቱ ድልድዩን የሠራለት ሰው የአንድ ጎሣ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በምድር ባቡር ቤት የሚኖረው ሠራተኛ ደግሞ ከተማውን ሲጠብቅ ያድራል።

የኦጋዴኑን ጦርነት ያነሳሁት አዲስ አበባ ውስጥ ትልቁ የዘመናዊ ጦርነት መታሰቢያ ከድሮው የባቡር ጣቢያ ከለገሃር ብዙም ሳይርቅ ስለቆመ ነው። በ1977 ዓ.ም. ቸርችል ጎዳና ላይ የተሠራው የትግላችን ሐውልት በጎንና በጎኑ ባሉት ግድግዳዎች ላይ ዘማቹን ገበሬ፣ ሠራተኛና ወታደር በቅርፅ ያሳያል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የወደቁ ኩባውያንንም በምስላቸው ያስታውሳል። ሠራተኛ እንደ መደብ አለ፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ግን የለም። ከጎዳናው መጨረሻ ለገሃር ፊት ለፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳም በጣሊያን ተወስዶ ሮም ቆይቶ የተመለሰ ነውና የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩ ግን የዘውዱ ነው። ባቡሩን ያስጌጠው ዘውድ፣ ጦርነቱን ያስጌጠው መደብ ሆነ፤ መካኒኩ፣ ሐዲድ ጠባቂውና ጫኚው በሁለቱ መካከል ቀሩ።

ታዲያ እንዲህ የተከፋፈለ ትዝታ ያለው መስመር አንድ ድንጋይ ሊሸከም ይችላል? አይችልም የሚል ሰው የሚፈራው ድንጋዩ የጠብ ምክንያት እንዳይሆን ነው። ፍርሃቱን አልንቀውም። ነገር ግን መፍትሔው መነሻውን ማጥበብ ነው፤ ሁሉንም ጦርነት በአንድ ጊዜ ለማስታረቅ መሞከር አያስፈልግም። የ1909 ዓ.ም. ሙታን ለመጀመር የሚመቹት ለዚህ ነው። ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመናዊውና ኢትዮጵያዊው በአንድ ሻለቃ ነበሩ፤ እርስ በርስ አልተዋጉም፤ የሞቱበት ቦታ ከሁላችንም የድንበር ጥያቄ ውጭ ነው፤ ስማቸውም ተጽፎ ተገኝቷል። የ1928ቱና የ1969ኙ ጉዳይ ሰነዱ ሲሰበሰብ፣ የድሬዳዋ ወርክሾፕ የቆዩ የሠራተኛ ፋይሎች ሲገላበጡ በራሱ ጊዜ ይመጣል። የነሐስ ሐውልት ከመታዘዙ በፊት አንድ ጸሐፊ ቁጭ ብሎ የፈረንሳዩን የሙታን ቅጽና የባቡሩን የቅጥር ወረቀት ጎን ለጎን ቢያነብ ከምንም በላይ ይጠቅማል። ከሁለቱም ወረቀት የአንድ ሰው ስም ቢገኝ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙያና ሞት በአንድ መስመር ተጻፉ ማለት ነው።

ቦታው ለምን ዶራሌ ሆነ፣ ናጋድ አይሻልም ወይ የሚልም ይኖራል። መንገደኛ የሚወርደው ናጋድ ነው፤ ሐውልት የሚያይ ሰው ያለው እዚያ ነው። ለጎብኚ ከሆነ ልክ ነው። ዶራሌ ላይ ግን የሚገባና የሚወጣው ባለሥራው ነው፦ ክሬን ኦፕሬተሩ፣ ፉርጎ ቀጣይ ሠራተኛው፣ ከኢትዮጵያ የመጣው የጭነት ባቡር ነጂ፣ ኮንቴይነር የሚቆጥረው ጉምሩከኛ። ፓዲንግተንም ሆነ ዮርክ መታሰቢያውን ያቆሙት ኩባንያዎቹ ናቸው፣ ለራሳቸው ሰዎች፣ ከሥራው ቦታ አጠገብ። አዲሱን መስመር የሚያስተዳድረው ኩባንያ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ንብረት በመሆኑ ወጪውንም ጽሑፉንም ሁለቱ መንግሥታት ሊካፈሉት ይችላሉ። ጽሑፉ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በዐረብኛና በአማርኛ ቢሆን፣ ፈረንሳይኛውም ቢጨመር፣ ስሞቹ ደግሞ ጸሐፊው እንዳበላሻቸው ሳይሆን ቤተሰብ እንደሚጠራቸው ተስተካክለው ቢሰፍሩ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ቦታ ከወደቡ አጥር ውስጥ የአንድ ፉርጎ ስፋት አይሞላም።